ከድንጋዩ በታች ያለው ሥራ፦ በዋልካ መሬት ላይ የተሠራ የአንድ ጓሮ ንጣፍ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በሲኤምሲ አካባቢ በሚገኝ አንድ መኖሪያ ቤት ጓሮ ውስጥ ከጥር እስከ መጋቢት 2016 ዓ.ም. የተሠራውን የመቀመጫ ንጣፍ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ክፍያ ድረስ ይመለከታል። የቤቱ ባለቤቶች በጡረታ ላይ የሚገኙ መምህራን ባልና ሚስት ናቸው። እኔ ጎረቤታቸው ስሆን፣ ሙያዬ የግንባታ ቁጥጥር በመሆኑ ሥራውን እንድከታተልላቸው ጠይቀውኝ ሁለቱን ወር አብሬያቸው ቆየሁ። ጓሮውን ለማስነጠፍ የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ ድንጋዩ ዓይነትና ስለ ቀለሙ ነው። በዚህ ጉዳይ ግን ከጊዜውም ከገንዘቡም ከግማሽ በላይ የሄደው ሥራው ሲያልቅ በማይታየው፣ ከድንጋዩ በታች ባለው ክፍል ላይ ነው፤ ባለቤቶቹ በጣም የተቸገሩትም፣ በኋላ እፎይ ያሉትም በዚያው ክፍል ምክንያት ነው።

ጉዳዩ የሚጀምረው ከከሸፈ ሥራ ነው። በግንቦት 2014 ዓ.ም. አንድ ሥራ ተቋራጭ በዚሁ ጓሮ ላይ ኮንክሪት ሞልቶ፣ ላዩን ሊሾ አድርጎ በስምንት ቀን አስረክቦ ነበር። የመጀመሪያው ክረምት አልፎ በጋው ሲገባ ወለሉ ከቤቱ ግድግዳ እስከ አጥሩ ድረስ በሁለት ቦታ ተሰነጠቀ፤ በሁለተኛው ክረምት ደግሞ አንደኛው ክፍል ወደ ቤቱ አዘንብሎ የዝናቡን ውሃ በጓዳው በር ሥር ማስገባት ጀመረ። ጋሼ፣ አባወራውን ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲሁ ነው፣ ጥፋቱ የሲሚንቶው ማነስ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ወለሉ ሲፈርስ አብረን ቆመን አየን። በተሰበረው ጠርዝ ላይ ሜትር ስናስቀምጥ የኮንክሪቱ ውፍረት 6 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ በስምምነቱ ላይ የተጻፈው 10 ነበር። ከሥሩ ድንጋይም ገረጋንቲም አልነበረም፤ ኮንክሪቱ የተሞላው በጥቁሩ አፈር ላይ በቀጥታ ነው። በአጥሩ በኩል ያለው ጠርዝ ደግሞ ከአፈሩ ተለይቶ ተንጠልጥሎ ስለነበር ጋሼ መዳፋቸውን እስከ አንጓቸው ድረስ ከሥሩ አስገብተው፣ «ይኸው፣ ባዶ ነው» አሉኝ።

ያ ባዶ ቦታ የተፈጠረበትን ምክንያት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በቦሌና በሲኤምሲ በኩል ያሉ ብዙ ግቢዎች የተቀመጡት በዚሁ ዓይነት መሬት ላይ ነው። ዋልካ ሞንትሞሪሎናይት የተባለ የሸክላ ማዕድን በብዛት የያዘ አፈር ሲሆን፣ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል። የአዲስ አበባ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ተጠቃልሎ ስለሚወርድና የቀረው ጊዜ በአመዛኙ ደረቅ ስለሆነ፣ አፈሩ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ተነሥቶ አንድ ጊዜ ይወርዳል። ሁሉም ቦታ እኩል ቢነሣና እኩል ቢወርድ ጉዳቱ ባልበዛ ነበር። ነገር ግን ከቤቱ ሥር ያለው አፈር እምብዛም አይረጥብም፤ አሸንዳው የሚያፈስበት ጥግ ከሁሉ ይበልጥ ይረጥባል፤ ዛፍ ያለበት ጥግ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይደርቃል። ስስ ኮንክሪት ይህን የተለያየ እንቅስቃሴ ተሸክሞ መቆየት ስለማይችል ይሰበራል። የኮንክሪቱ መሳሳት ጥፋት ቢኖረውም፣ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሞላ ኖሮም መሰንጠቁ ይዘገይ እንደሆነ እንጂ አይቀርም ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ውይይት በምን ይነጠፍ የሚለው ሆነ። ሚስታቸው እትዬ የፈለጉት በእህታቸው ቤት ያዩትን የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ነበር። ሴራሚክ ከሥሩ የማይንቀሳቀስ ኮንክሪት ይፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ችግር ይመልሰናል። ከዚህም በላይ ልሙጥ ሴራሚክ በክረምት ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ ሁለቱም ባለቤቶች ከስድሳ አምስት ዓመት በላይ ናቸው። ኮብልስቶን በሌላ በኩል በአሸዋ ላይ ስለሚቀመጥ መሬቱ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ አንድ ቦታ ቢሰምጥም ተነሥቶ ይስተካከላል። በከተማው የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ላይ ለቧንቧና ለገመድ ሥራ ተነሥቶ ተመልሶ ሲነጠፍ የምናየውም በዚህ ጠባዩ ነው። ሆኖም በእጅ የተጠረበ ኮብልስቶን ላዩ ወጣ ገባ ስለሆነ ወንበርና ረከቦት ሲቀመጥበት ይናወጣል። በመጨረሻ የተስማማነው በማሽን የተቆረጠ፣ ላዩ ግን ያልተወለወለ ጥቁር ድንጋይ በአሸዋ ላይ እንዲነጠፍ ነው፤ መጠኑ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር። ሴራሚኩን መተው ለእትዬ ቀላል አልነበረም፤ ይህን የምጽፈው የባለቤትን ፍላጎት የሚቃረን ምክር ሲሰጥ ምክንያቱ እስኪገባቸው ድረስ መታገሥ የባለሙያው ግዴታ ነው ብዬ ስለማምን ነው።

ስፋቱ 9 በ6 ሜትር፣ ማለትም 54 ካሬ ሜትር እንዲሆን ታሰበ። መሬት ላይ ካስማ ተተክሎ ሲባጎ ሲወጠር ግን ሁለት ነገር ወጣ። አንደኛው፣ አንዱ ጠርዝ ከአቮካዶው ግንድ አንድ ሜትር ላይ ይደርስ ነበር። ዛፉን ጋሼ የተከሉት ልጃቸው በተወለደ ዓመት በመሆኑ መቁረጡ አልታሰበም፤ ሥሩን መቁረጥም ዛፉን ይጎዳል፣ ዛፉም ከዋልካው ውሃ እየሳበ በበጋ አፈሩን ይበልጥ ያኮማትረዋል። ንጣፉን ወደ ምዕራብ አንድ ሜትር ተኩል አሸሸነው። ሁለተኛው፣ በአዲሱ ቦታ መካከል የሴፕቲክ ታንኩ ክዳን አለ። የቀድሞው ሥራ ተቋራጭ የጓሮውን ዝቅተኛ ክፍል በአፈር ሲሞላ ክዳኑን ስለቀበረው ባለቤቶቹ ያለበትን ትክክለኛ ቦታ አያውቁም ነበር፤ በብረት ዘንግ እየወጋን ነው ያገኘነው። ክዳኑ ከንጣፉ እኩል ከፍ ተደርጎ፣ በላዩ የድንጋዩ ንጣፍ የሚያርፍበት የብረት ማቀፊያ ተሠራለት። የፍሳሽ መምጠጫ መኪናው ቱቦ ከበሩ እስከዚያ መድረሱንም አስቀድመን በገመድ ለክተን አረጋገጥን።

የውሃው ጉዳይ ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደ ውይይት ነበር፤ ሊወስድም ይገባው ነበር። ከቤቱ ጣሪያ ወደ ጓሮ የሚያፈሰው ግማሹ 60 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ ከጣሪያው 1,800 ሊትር፣ ከንጣፉ ላይ ደግሞ 1,620 ሊትር፣ በድምሩ ከ3,400 ሊትር በላይ ውሃ በዚያች ጓሮ ውስጥ መውጫ ይፈልጋል። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ አንድ ተኩል ከሚሆነው በላይ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ለጋሼ ወረቀት ላይ ሳሰላላቸው፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ሲከራከሩበት የነበረውን የቦይ ወጪ ወዲያው ተቀበሉ። ንጣፉ ከቤቱ እየራቀ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር እንዲወርድ፣ ማለትም በ6 ሜትሩ ላይ 12 ሳንቲ ሜትር እንዲያዘነብል ወሰንን። በዝቅተኛው ጠርዝ ላይ ቦይ፣ ከቦዩ ጫፍ እስከ መንገዱ ማፋሰሻ ድረስ 110 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ፣ ከአሸንዳው መውረጃም እስከ ቦዩ ድረስ የተዘጋ መስመር እንዲዘረጋ ተስማማን። የንጣፉ ከፍተኛ ጠርዝ ደግሞ ከጓዳው ወለል 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲጀምር ተደረገ፤ ዝናብ መሬት ላይ ሲመታ የሚረጨው ውሃ ግድግዳውን እንዳያረጥበውና በር ሥር እንዳይገባ ነው። ባለቤቶቹ ከቤት ወደ ንጣፉ ያለ ደረጃ መውጣት ስለፈለጉ ይህችም እርከን ተቃውሞ ገጥሟት ነበር፤ ያፈረሱት ወለል ያደረሰውን እያስታወሱ ተቀበሏት።

ስምምነቱ በጽሑፍ ሆነ። በመጀመሪያው ሥራ ባለቤቶቹ ግማሹን ዋጋ በቅድሚያ፣ ቀሪውን ደግሞ በርክክቡ ቀን ከፍለው ስለነበር፣ ስንጥቁ ሲመጣ በእጃቸው የቀረ ምንም አልነበረም። በአሁኑ ክፍያው ከሥራው ጋር ታሰረ፤ 25 በመቶ ለመነሻ፣ 20 በመቶ ቁፋሮው ተለክቶ ሲረጋገጥ፣ 25 በመቶ ከድንጋዩ ሥር የሚገባው ሙሊት ተጠቅጥቆ ሲታይ፣ 20 በመቶ ንጣፉ ሲያልቅ፣ የቀረው 10 በመቶ ደግሞ አንድ ክረምት አልፎ በጋው ከገባ በኋላ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. እንዲከፈል። አዲሱን ሥራ የያዘው ፎርማን የመጨረሻዋን አንቀጽ መጀመሪያ አልወደዳትም። ነገር ግን በዋልካ ላይ የተሠራ ሥራ ዓመቱን ዞሮ ካልታየ ታይቷል እንደማይባል ራሱም ከልምዱ ስለሚያውቅ ፈረመ። በስምምነቱ ላይ እኔ በግሌ ከሁሉ በላይ የምመካበት አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ «ማንኛውም ንብርብር ባለቤቶቹ ወይም ወኪላቸው ሳያዩት በቀጣዩ አይሸፈንም» የሚል።

ቁፋሮው 45 ሳንቲ ሜትር እንዲወርድ ነበር፤ 35 ለተጠቀጠቀ ሰሌክት ማቴሪያል (የተመረጠ ገረጋንቲ)፣ 5 ለአሸዋ፣ 5 ለድንጋዩ። ይህ ማለት 24 ሜትር ኩብ ያህል አፈር ይወጣል፤ አፈር ሲቆፈር ስለሚላላና ስለሚጨምር ከ30 ሜትር ኩብ በላይ ሆኖ ሁለት ሲኖትራክ ሞላ። በቤቱ ጎን ያለው መተላለፊያ ስፋቱ 1 ሜትር ከ10 በመሆኑ ማሽን አይገባም። አፈሩ ሁሉ በእጅ ጋሪና በባሬላ ከጓሮ ወደ ደጅ ወጣ፤ ከአምስት መቶ ምልልስ በላይ ነው። ከባድ መኪኖች ቀን ላይ የመንቀሳቀስ ገደብ ስለነበረባቸው ጭነቱ የሚነሣውም የሚመጣውም ሌሊት ነበር። ጋሼ ከመጀመሩ በፊት ግራና ቀኝ ያሉትን ጎረቤቶች በየቤታቸው ሄደው ስለ ሌሊቱ ድምፅና ስለ ኮምፓክተሩ (የመጠቅጠቂያው ማሽን) ንዝረት ነግረው ይቅርታ ጠይቀው ስለነበር፣ በሁለቱ ወር አንድም ቅሬታ አልመጣም።

በቤት ውስጥ ያለው ኑሮ ግን ባለቤቶቹ ከጠበቁት በላይ ተናጋ። የልብስ ማስጫው ገመድ ወደ ፊት ለፊት ግቢ ተዛወረ፤ ጓዳው በላስቲክ ተጋርዶም አቧራው በሰሃኑ ሁሉ ላይ ነበር፤ የከሰል ምድጃው የሚቀመጥበት ቦታ ስለጠፋ ቡናው ሳሎን ገባ። ያላሰብነው ደግሞ ውሃው ነው። በሰፈሩ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ሲሆን፣ ሙሊቱን ለመጠቅጠቅ የሚረጨውና የጠርዙ ኮንክሪት የሚጠጣው ውሃ ሁሉ ከቤቱ ሮቶ ይቀዳ ነበር። አንድ ማለዳ እትዬ ቧንቧ ሲከፍቱ ጠብታ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለግንባታው የሚሆን ውሃ በቦቴ ተገዝቶ በበርሜል ተቀመጠ። ይህ ወጪ ከመጀመሪያው በስምምነቱ ውስጥ መግባት ነበረበት፤ እሱን አለማስገባቴ የእኔ ጉድለት ነው።

የተቀበሩ መስመሮችን በተመለከተ የቤቱ ፕላን የሚያሳየው ነገር አልነበረም። እትዬ የካቲት 2 ቀን ቆፋሪዎቹን አስቁመው፣ በተክል ማጠጫ ቧንቧው መስመር ላይ እየተራመዱ በአመድ ምልክት አደረጉ፤ ከሃያ ዓመት በፊት ሲዘረጋ ቆመው ያዩት እሳቸው ናቸው። መስመሩ ልክ ምልክት ባደረጉበት ተገኘ። ማንም ያላስታወሰው ሁለተኛ መስመር ግን በ30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት በዶማ ተመታ፤ ወደ ሠርቪስ ቤቱ የሚሄደው ነበር። ጥገናው ሁለት ቀን ወሰደ፤ ቧንቧውም ከአዲሱ ቁፋሮ በታች ተደርጎ ተቀበረ። ቧንቧው የተቀበረበት የዚህ ቦይ ነገር በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

በየካቲት መጨረሻ፣ ጉድጓዱ ተከፍቶ ሙሊቱ ሳይጀመር፣ አንድ ሌሊት ከባድ ዝናብ ወረደ። ጠዋት ስንደርስ ውሃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ቆሞ ነበር። ፎርማኑ ውሃውን ቀድቶ ሰሌክቱን በማግስቱ ለመሙላት ፈለገ፤ ሠራተኞቹ የቀን ምንዳቸውን እየጠበቁ ስለነበር ችኮላው የሚገባ ነው። ነገር ግን የረጠበ ዋልካ ላይ የተሞላ ገረጋንቲ ጭቃው ውስጥ እየሰመጠ ስለሚቀላቀል፣ ከላይ የፈለገውን ያህል ቢጠቀጠቅ አይጸናም። ሦስት ቀን ጠበቅን፤ ከዚያም የላላውን 7 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር አስወጥተን በሰሌክት ተካነው። ሥራ ቆሞ ማየት ባለቤቶቹን እጅግ አስጨንቋቸው ነበር፤ ጋሼ በየጠዋቱ መጥተው ወለሉን በከዘራቸው ይወጉት ነበር። በአራተኛው ቀን ከዘራው አልገባ ሲል እሳቸው ራሳቸው ለፎርማኑ፣ «በል ልጄ፣ አሁን ሙላ» አሉት።

ሙሊቱ በሦስት ንብርብር ገባ፤ እያንዳንዱ እየተረጨ በኮምፓክተር ተጠቀጠቀ። በአንድ ጊዜ ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተሞላ የዚያ ማሽን ኃይል እስከ ታች አይደርስም፤ ላዩ ጠንክሮ ውስጡ ልል ይቀራል። መሣሪያ ለሌለው ባለቤት እኔ የማሳየው መፈተሻ ቀላል ነው፤ የ12 ቁጥር ፌሮ ጫፍ በሁለት እጅ ተይዞ በሰውነት ክብደት ሲገፋ፣ በደንብ የተጠቀጠቀ ሙሊት ውስጥ ከጣት ውፍረት አይዘልቅም። እትዬ ይህን በየንብርብሩ በአሥራ ሁለት ቦታ ሞክረው በደብተር መዝግበዋል፤ በሁለት ቦታ ስለዘለቀባቸው ማሽኑ ተመልሶ ሄደበት። በዙሪያው የሚያቅፈው የኮንክሪት ጠርዝ ከዚያ በኋላ ተሞልቶ ለሰባት ቀን ውሃ ጠጣ። ያለዚህ ጠርዝ አሸዋው በዝናብ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ድንጋዮቹ ይበታተናሉ።

ድንጋዩ ሲመጣ ሥራው ያለቀ የመሰለበት ጊዜ ነበር። 600 ድንጋይ ለንጣፉ፣ 30 ደግሞ ለሚሰበረው ታዞ ነበር። እትዬ ከመኪናው ላይ በወረደው የመጀመሪያው ክምር ላይ ሜትራቸውን ሲያስቀምጡ 3 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ሻጩ ልዩነት የለውም አለ፤ አለው። በአሸዋ ላይ የሚቀመጥ ድንጋይ ከሥሩ ኮንክሪት ስለሌለው ጭነቱን የሚችለው በራሱ ውፍረት ነው። ሙሉው ጭነት ተመለሰ፤ ትክክለኛው እስኪመጣ አራት ቀን አለፈ። ባለ 5 ሳንቲ ሜትሩ አንዱ ድንጋይ ከ12 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ንጣፉ በሁለት ባለሙያና በአራት ረዳት ስድስት ቀን ፈጀ። በመካከል ያለመግባባት የተነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ባለሙያዎቹ እንደለመዱት መጋጠሚያውን በቦያካ፣ ማለትም በቀጠነ የሲሚንቶ ድብልቅ፣ ለመሙላት ፈለጉ። ቦያካው ድንጋዮቹን አያይዞ ወደ አንድ ወለል ስለሚለውጣቸው፣ መሬቱ ሲንቀሳቀስ ወይ መጋጠሚያው ይፈረካከሳል ወይ ድንጋዩ ይሰበራል፤ አንዱን ለማንሣትም መሰባበር ግድ ይሆናል። ደረቅ፣ የተነፋ አሸዋ በመጥረጊያ ተሞላበት፤ ከዚያ የኮምፓክተሩ ብረት ድንጋዩን እንዳይፍቀው አሮጌ ምንጣፍ ተዘርግቶ ማሽኑ በላዩ ሄደ፤ አሸዋውም እንደገና ተጨመረ።

መጋቢት 10 ቀን ሥራው አለቀ። በስምምነቱ ሦስት ሳምንት የተባለው ሰባት ሳምንት ሆኖ ነበር፤ በእርግጥ ሥራ የተሠራበት ግን 27 ቀን ነው። ከርክክቡ በፊት በውሃ ልክ ቱቦ፣ ማለትም ውሃ ተሞልቶ የሁለት ቦታን ከፍታ በሚያነጻጽር ቱቦ፣ ለካን፤ አንዱን ጫፍ ጋሼ ከጓዳው በር አጠገብ፣ ሌላውን ፎርማኑ ከቦዩ አጠገብ ይዘው ቆሙ፤ እትዬ በሜትሩ ሲያነቡ 12 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ከዚያ ሦስት ባልዲ ውሃ በከፍተኛው ጠርዝ ላይ ደፋን። ውሃው በመካከሉ ሳይቆም ወደ ቦዩ ሄደ።

በነሐሴ፣ ዝናቡ በበረታበት ሰሞን፣ በአንድ መስመር ላይ ያሉ አሥራ አንድ ድንጋዮች አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ሰምጠው ተገኙ። መስመሩ በየካቲት የተመታው ቧንቧ የተቀበረበት ቦይ ነው። የቧንቧው ጥገና በተሠራበት ቀን እኔ አልነበርኩም፤ ቦዩም በአንድ ጊዜ ተሞልቶ ላይ ላዩን ብቻ ተጠቅጥቆ ነበር፤ ያ ሙሊት ከመሸፈኑ በፊት ማንም ያላየው ብቸኛው ንብርብር ነው። ባለቤቶቹ ሲደውሉ ፎርማኑ ሁለት ሰው ይዞ መጣ። ድንጋዮቹን በመፈልቀቂያ አነሡ፣ አሸዋውን ጠርገው ቦዩን በሦስት ጊዜ እየጠቀጠቁ ሞሉ፣ ድንጋዮቹን መልሰው ገጠሙ፤ ከጠዋት ተጀምሮ ምሳ ሰዓት ላይ አለቀ፤ አንድም ድንጋይ አልተሰበረም፤ ተጨማሪ ክፍያም አልተጠየቀም።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አፈሩ በጓሮው ዙሪያ መሰነጣጠቅ ሲጀምር የውሃ ልክ ቱቦውን ይዘን ተመለስን። በመካከል 12፣ በምዕራብ 12፣ በአቮካዶው በኩል ባለው ጥግ ደግሞ 12 ተኩል ሆነ፤ ዛፉ ያደረቀው አፈር የወረደው ያችን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ነው። የጓዳው ግድግዳ ደረቅ ነበር። ጋሼ የቀረውን 10 በመቶ እዚያው፣ ረከቦቱ በቀረበበት፣ ለፎርማኑ ቆጥረው ሰጡት።